አምስት ስም በአንድ ትንፋሽ

ሄሎ?... አቤት! ምስክር? አንተ ነህ?... እኔ ነኝ፣ አባትህ። የእናትህ ስልክ እኔ ጋ ነው።

... ደህና ነች። ደህና ነች አልኩህ እኮ! ሞላሌ ጤና ጣቢያው ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች።

... አዎ፣ ሳንባዋ ነው። ያው የቆየው፣ የኩበት ጭስ ያመጣባት። ማክሰኞ ተነሣባት... ቆይ፣ አትቆጣ፤ ልንገርህ። እኔ እስካሁን ግርም እንዳለኝ ነው።

ጠዋት ጠዋት እናንተን በስማችሁ እየጠራች ትመርቅ የለ?... ኧረ ትመርቃለች፣ አንተ ተኝተህ አልሰማህም እንጂ! ስንታየሁ፣ ወሰንየለሽ፣ እታገኝ፣ አፈወርቅ፣ ምስክር። አምስታችሁንም በአንድ ትንፋሽ። እኔ ምርቃት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሳንባዋን እየለካች ኖሯል!

... አዎ፣ መለኪያዋ እናንተ ናችሁ! እሑድ ዕለት እታገኝ ላይ ቆመች። "ዳኜ፣ ትንፋሼ አጠረ፤ ሊነሣብኝ ነው" አለችኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "አርጅተሽ ነው!" ብዬ ሳቅሁባት። ሰኞ ወሰንየለሽን አላለፈችም፤ አክታዋም ወፍሮ ቢጫ ሆነ። ያን ጊዜ በአፏ የምትስበውን መድኃኒትና ካርዷን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች። "በቅሎዋን ጫንልኝ፣ እንሂድ" አለች... እኔ ነኝ "ነገ ይሁን" ያልኩት። እኔው ነኝ።

... ሄሎ? ትሰማኛለህ?... እሺ። ማክሰኞ ጠዋት ያዛት። ስንታየሁ ማለት እንኳን አቃታት። እኔ ጮህኩ። ጎረቤታችን እትዬ ተሾመች "ዓይን ነው!" ብላ ፍም ላይ ቅጠል ነስንሳ ገባች — ለሳንባ፣ ጭስ!... ምን ልደብቅህ፣ እኔም "አጭሺላት" አልኩ። እናትህ ፍሙን በእግሯ ወደ ደጅ ገፋችው። ጎንበስ ብላ ክርኖቿን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች፤ መድኃኒቷን ሳበች፤ ከንፈሯን ሰብስባ ቀስ... ቀስ አድርጋ ትንፋሿን ታወጣ ጀመር። ከዚያ እኔን እያየች በእጇ "ዝግ በል" አለችኝ። የምትሞት የመሰለችው እሷ፣ የምታረጋጋው እኔን! ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህቺን ሴት አላውቃትም ነበር፣ ልጄ።

... በበቅሎ እስከ መንገዱ፣ ከዚያ በመኪና። ሐኪሙ "አንድ ቀን ብታድር ኖሮ..." አለኝ። የስሙን ነገር ስነግረው እሱም ተደንቆ ካርዷ ላይ ጻፈው። — ጌታነሽ፣ ነፋስ ነው፣ ጋቢውን ደርቢ! — ስሞቹ ማነስ ሲጀምሩ በዚያው ቀን ይዘሃት ና ብሎኛል። ምድጃውም ከቤት ይወጣል፤ ምዬላታለሁ።

... ቆይ! ዝም በል፣ ጀመረች... ስንታየሁ... ወሰንየለሽ... እታገኝን አለፈች!... አፈወርቅ...

... ቆመች።

... አይዞህ፣ ቆይ... አየር እየሳበች ነው... ከንፈሯን ሰበሰበች...

"ምስክር" አለች! ሰማህ? ላንተ ለብቻህ አንድ ሙሉ ትንፋሽ አወጣችልህ!... ሄሎ?... ሄሎ?

— ተቋረጠ... ሰምቷል፣ ጌታነሽ፤ ሲያለቅስ ነው የተቋረጠው።