ከዘር የሚመጣ፣ ከአፍ የማይወጣ

ባለፈው ጥቅምት ከአርባ ምንጭ ሲቀላ መናኸሪያ ወደ ጫኖ በሚሄድ ሚኒባስ ስሳፈር፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው አቶ ዳልጮ ሆነው አገኘኋቸው። አቶ ዳልጮ ሙዝና ማንጎ የሚያለሙ ገበሬ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱን ሴቶች ልጆቻቸውን ባዮሎጂ አስተምሬአቸዋለሁ። ትልቋ ምሥጋና ጡቷ ላይ የነበረው ዕጢ በቀዶ ሕክምና እንደወጣላት ሰምቼ ነበርና ስለ ጤናዋ ጠየቅኋቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቁስሉ ድኗል» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁን ግን አንዲት ተመራማሪ መጥታ እያስጨነቀችን ነው። ዕጢው ወጣ፣ ነገሩ አለቀ። እሷ ግን ስለ ሟች እናቴ፣ ስለ ሟች እኅቴ ትጠይቃለች። መምህር፣ ሰው በሙታኑ ይመረመራል እንዴ?»

ተመራማሪዋን አውቃታለሁ። ኖላዊት የአርባ ምንጭ ልጅ ናት፤ የካንሰር ዕጢዎችን ዘረመል ታጠናለች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እንደምትመጣ ነግረውኝ፣ አብሬያቸው እንድቀመጥ ለመኑኝ። እኔም እሺ አልኩ።

ከቤታቸው ደጅ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር ከምሥጋና ጋር ተቀመጥን። ኖላዊት ሰላምታ ሰጥታ ነገሯን በትሕትና ጀመረች።

«አባባ፣ የጡት ካንሰር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ዕጢ በሴቷ ሆርሞን እየተረዳ ያድጋል፤ ሌላው ሆርሞኑን አይፈልግም። ይህን የምንለየው በዕጢው ሕዋሳት ላይ በምናገኘው ምልክት ነው። የምሥጋና ዕጢ ሆርሞን የሚፈልገው ዓይነት ስለሆነ፣ ሐኪሟ ሆርሞኑን የሚከለክል ክኒን ያዝላታል። ያ ምልክት ባይታወቅ ሕክምናው ግምት ይሆን ነበር።»

«መልካም። ክኒኑን ትዋጥ። እናቴ ምን አገባት?»

«ምሥጋና ገና ወጣት ናት። በዚህ ዕድሜ ሲመጣ ከወላጅ የሚወረስ የዘረመል ለውጥ እንጠረጥራለን። ስለዚህ ነው ከቤተሰቡ እንዲህ የታመመ ሰው ነበረ ወይ ብዬ የምጠይቀው።»

«አልነበረም» አሉ አቶ ዳልጮ፣ ቃሏ ሳይደርቅ።

አመላለሳቸው ፈጠነብኝ። የማያውቅ ሰው ጥቂት ያስባል፤ የደበቀ ሰው ግን መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። እርሳቸውም ቀጠሉ።

«ልጄ፣ አንቺ ያገሩ ልጅ ነሽ፤ ይህ አይጠፋሽም። አባቶቻችን በአንድ ቤት በሽታ ሲደጋገም ‹ጎሜ ነው፣ ከዚህ ቤት ወግ ያፈረሰ አለ› ይሉ ነበር። እኛ ዛሬ አማኞች ነን። የሰው አፍ ግን አላመነም። ለታናሿ ለበለጥሽ የፊታችን ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣል። ‹የዚያ ቤት ደም የተበላሸ ነው› ከተባለ ማን ያገባታል?»

በለጥሽ የተቀቀለ የቦዬ ሥር በሣህን ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር።

«አባዬ፣ አክስቴ በምን ሞተች?»

«በጨጓራ ነው። ነግሬሻለሁ።»

«ሕፃን ሆኜ ጓዳ ስገባ ደረቷ ላይ በጨርቅ የታሰረ ቁስል አይቻለሁ። ጨጓራ ደረት ላይ ይቆስላል?»

አቶ ዳልጮ ፊታቸውን ወደ ሙዛቸው አዞሩ። ምሥጋና ከተቀመጠችበት ተነሥታ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«እናቴም እንደዚያው ነበረች» አሉ በመጨረሻ። «እንዳይወራብን ብለን ሐኪም ቤት አልወሰድናቸውም። ሁለቱም ጓዳ ውስጥ ሞቱ።» ከዚያ ወደ ኖላዊት ዞሩ። «ግን እነሱ በእኔ በኩል ናቸው። እኔ ወንድ ነኝ፤ አልታመምኩም። እንዴት ለልጄ ይደርሳል?»

«ወንድም ይወርሳል፣ አባባ። ራሱ ሳይታመም ለልጆቹ ሊያስተላልፍ ይችላል።»

«እንግዲያስ ያቀበልኳት እኔ ነኝ?»

ኖላዊት ለማጽናናት ብላ አልዋሸችም። «ሊሆን ይችላል» አለች። «ነገር ግን ከእናትዎ መርጠው አልተቀበሉም፤ ለልጅዎም መርጠው አልሰጡም። በዚህ ውስጥ ጥፋተኛ የለም። አሁን ምሥጋና ከፈቀደች ደሟን እንመረምራለን። ለውጡ ከተገኘ ያንኑ በበለጥሽ ላይ እንፈልጋለን። የመውረስ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው። ከሌለባት እንደማንኛዋም ሴት ትኖራለች። ካለባትም በሽታ ያዛት ማለት አይደለም፤ ዕጢ ቢበቅል ገና ትንሽ ሳለ እንድንደርስበት ክትትል ታደርጋለች። አክስቷ ይህን ዕድል አላገኘችም።»

«ደሜን ውሰጂ» አለች ምሥጋና። አባቷም ክንዳቸውን ዘረጉ። «የእኔንም።»

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መጡ። አቶ ዳልጮ ጸሎት ከተደረገ በኋላ፣ ስለ ጋብቻው አንድ ቃል ሳይነሣ፣ የእናታቸውን፣ የእኅታቸውንና የምሥጋናን ሕመም፣ የኖላዊትንም ምርመራ ሳይሸሽጉ ነገሯቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እንመካከር» ብለውም ሄዱ። ሳምንታት አለፉ፤ መልስ አልመጣም። በለጥሽ አባቷ ፊት አላለቀሰችም፤ ዓይኗ ግን ያብጥ ነበር።

የምርመራው ውጤት ሲደርስ ለውጡ በምሥጋና፣ በአባቷና በበለጥሽም ላይ ተገኘ። በለጥሽ ወረቀቱን አንብባ፣ «ቢያንስ አሁን የማልፈራውን ከምፈራው እለያለሁ» አለች። ክትትሏንም ወዲያው ጀመረች። ምሥጋና ክኒኗን እየዋጠች ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አንድ ቀን እኔ እዚያው ሳለሁ ለበለጥሽ ሽማግሌ የላከው ልጅ እናት ወይዘሮ ዘሪቱ ብቻቸውን መጡ። ስለ ጋብቻው መስሎን ሁላችንም ተነሣን። እርሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«ሽማግሌዎቹ የነገሩኝን ሰምቼ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ» አሉ። «አቶ ዳልጮ፣ እኔም ጡቴ ላይ እባጭ አለ። ባሌ እንኳ አያውቅም። እርስዎ ወንድ ሆነው በሰው ፊት ከተናገሩት፣ እኔ ሴቲቱ ምን ያሳፍረኛል ብዬ መጣሁ። ያቺ ተመራማሪ ልጅ የት ትገኛለች?»

ስሙ እንዳይነሣ የተደረገ በሽታ ሥራውን በዝምታ ይሠራል። የተነገረ ግን ሐኪሙን መድኃኒት ያስመርጠዋል፤ ያልታመመውን ያስጠነቅቀዋል፤ ተደብቆ የሚሠቃየውንም ከጓዳ ያወጣዋል። ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አስተምር ነበር፤ ሲፈጸም ያየሁት ግን በዚያ ግቢ ነው።

አቶ ዳልጮ ጃኬታቸውን ከመስቀያው አነሡና፣ «በለጥሽ፣ ባጃጅ ጥሪ» አሉ። «ከወይዘሮ ዘሪቱ ጋር እኔ ራሴ እሄዳለሁ።»