በእውነተኛው ልኬ

ልብስ ሰፊውን፣ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ፣ የሰፈሩ ሰው «አባ ሜትር» ይለዋል። ያን ቀን ከሐኪም ቤት ሲወጣ ደረጃውን ስቶ ሊወድቅ ሲል አንዲት ሴት ደግፋ ያዘችው። ቀና ቢል የእህቱ ልጅ ናት፤ እዚያው ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች።

«ጋሼ፣ ምነው? እትዬ ባሰባቸው እንዴ?»

«የታወቀው መድኃኒት ሁሉ አልያዘላትም አሉኝ። ገና በሙከራ ላይ ያለ አንድ አለ። ታዲያ በሽታዋን በስሙ ነግረናት ራሷ እሺ ካላለች አንሰጥም አይሉኝ መሰለሽ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመድ አዝማድ ተማክሮ ካንሰሩን ለሚስቱ «ጨጓራ ነው» ብሏታል። አባ ሜትርማ ጭራሽ ባሰበት፤ መክሳቷን እንዳታውቅ፣ ሸለብ ባደረጋት ቁጥር ቀሚሶቿን እየተረተረ በስውር ያጠብብላት ነበር። ፍቅር ነው እንግዲህ፤ ፍቅርም ያሞኛል።

«ምን መለሱላቸው?»

«እምቢ ነዋ! ሚስቴን የመሞከሪያ አይጥ ላድርጋት? ደግሞስ በምን አፌ ነው ትሞቻለሽ የምላት?»

አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። «ጋሼ፣ አላታልልዎትም። ያድናቸዋል ያለዎት ሰው ዋሽቷል፤ ሊጠቅምም ሊጎዳም ይችላል። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?»

«እኔ የደበቅኩት ለእሷው ብዬ!»

«ደንበኛ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ሳይጠይቁ ይቆርጣሉ?»

«እግዜር ያሳይሽ! ባለቤቱ ቆሞ?»

«የእትዬ ዕድሜስ ባለቤቱ ማነው?»

አባ ሜትር የሜትሩን ጫፍ በጣቱ እየጠቀለለ፣ «ብትደነግጥብኝስ?» አለ።

«ይደነግጣሉ፤ አብረዋቸው ይደንግጡ። መድኃኒቱን አልፈልግም ካሉም ማንም አያስገድዳቸውም።»

ቤት ሲደርስ ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ሁለቴ ጀምሮ ዋጠው፤ በሦስተኛው የበሽታውን ስም ነገራት። እሷም የቀሚሷን ጎን ገልበጥ አድርጋ ስፌቱን አሳየችው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ቁልፍ ስተክልልህ የኖርኩ ሴት፣ ስፌትህን የማላውቅ መሰለህ?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ማወቄን ብታውቅ ትሰበርብኛለህ ብዬ ነዋ። አየህ፣ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ለየብቻችን ስናለቅስ ከረምን።»

ያኔ አብረው አለቀሱ። ኋላ በሙከራ ላይ ስላለው መድኃኒት ሲነግራት «ያድነኛል?» ብላ ጠየቀችው።

«እነሱም አያውቁ፤ እኔም አላውቅ።»

«እሞክረዋለሁ። ለእኔ ባይሆን ከኋላዬ ለሚታመመው ይሆናል። በቃኝ ያልኩ ቀን ግን እንዳትከራከሩኝ። በል፣ ያችን ሜትር ከአንገትህ አውርድ፤ ሐኪሞቹ ዘንድ የምሄድበት ቀሚስ ስፋልኝ፤ በእውነተኛው ልኬ።»

ለካት፤ እያለቀሰም ቢሆን ቁጥሩን ሳይዋሽ ነገራት።

መድኃኒቱ አላዳናትም፤ ይህን መሸሸግ ሌላ ውሸት ይሆናል። ግን ጥቂት ወራት ትንፋሽ ሰጣት። በነዚያ ወራት ከተኳረፈቻት እህቷ ታረቀች፤ ልጆቿን አንድ በአንድ አስጠርታ መረቀች፤ ሐኪሞቹም ከእሷ ያዩት ለሌላው በሽተኛ ትምህርት ሆናቸው። እውነቱን ደብቀዋት ቢሆን ይህ ሁሉ አብሯት ይቀበር ነበር። ዛሬ በቤቱ በሽተኛ ያለበት ሰው ሱቁ ገብቶ «አደራ፣ እንዳይሰማ» እያለ ሲያንሾካሹክ፣ አባ ሜትር መቀሱን ያስቀምጥና «ተው ወዳጄ፣ ብቻውን አታስለቅሰው» ይላል።

ያችን ቀሚስ እስከ መጨረሻው ደጋግሞ አጥብቦላታል። አጠገቡ ቁጭ ብላ ክሩን የምታቀብለው እሷው ነበረች።