ያለ ድምፅ የምትመለሰዋ ባጊ

ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ። እዚያኛው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ የዚህኛው እግሩ ይወላገዳል። ዝናቡ አላገኘዎትም? እንኳን። ጠዋት ምን ዓይነት ብርድ ነበር... ጣቴ ደርቆ መዝገብ መግለጥ አቅቶኝ ነበር። ጋሼ ገና አዳራሽ ውስጥ ናቸው። መነጽራቸውን ይዘውላቸው መጡ? ጎሽ። ከጠዋት ጀምሮ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ነው የዋሉት። "ያለ መነጽር ፊርማዬ የት እንደሚያርፍ አላውቅም" ሲሉ ኮሚቴው በሙሉ ሳቀ። ስብሰባው እስኪያልቅ እኔ ጋ ይጠብቁ፤ ሻይ ልቅዳልዎት። ስኳር አንድ ነው ሁለት? እኔ እንኳ ጣፋጭ ነገር ትቻለሁ። በጆሮዬ የገባው ይበቃኛል።

መስኮቱን ልዝጋው? ውጪ ባጊዋ እየታጠበች ስለሆነ የውሃው ድምፅ እንዳይረብሽዎት ብዬ ነው። ይከፈት? ደግ፣ አየር ይግባ። ደግሞስ ሰው ቢሰማው የሚያሳፍር ነገር እናወራለን እንዴ?

ባጊዋን ያውቋታል አይደል? ያቺ አዳኞቹን ይዛ ጫካ የምትገባው፣ ጣሪያ የሌላት፣ ጎማዋ ወፍራም፣ በባትሪ የምትሄደው። ይዩዋት እስቲ፣ ስትታጠብ እንዴት ታምራለች። ጭቃው ደግሞ ቶሎ ይለቃታል... ብዙ ያልሄደ ነገር ለማጠብ አያስቸግርም። እኔ ስለ እሷ ክፉ አይወጣኝም። ማሽን ምን ያጠፋል? ሲደክማት ደከመኝ ትላለች። መሪው አጠገብ ያለችው የባትሪ ቁጥር እየወረደች፣ እየወረደች፣ ከዚያ ቀይ መብራት። ከዚህ በላይ ታማኝነት ከየት ይመጣል? ስንት ሰው ነው ባዶ ሲሆን ቀይ የሚበራው?

የሚነዳት ሰው ደግሞ፣ ያው አሁን የሚያጥባት፣ እንዴት አሳቢ መሰለዎት። ስም አልጠራም፤ ስም መጥራት ደግ አይደለም። እንግዳ እንዳይሳቀቅ ብሎ ቁጥሯ ላይ የአዳኞች ማኅበሩን ስቲከር ለጠፈባት። ያን የድኩላ ሥዕል ያለበትን። አሁን እንግዶቹ "ስንት ቀራት?" ሲሉት ድኩላውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ "ይቺ? ይቺማ አትጠየቅም" ይላቸዋል። አቤት መተማመን። ሐኪሞችም ይህን ዘዴ ቢያውቁት ስንቱ በሽተኛ በሙሉ ጤንነት ይሞት ነበር።

እና ዛሬ ጋሼ የሚፈርሙት ከእሱው ሪፖርት የመጣ ውሳኔ ነው። በኮምፒውተር የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ባጊዋ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ደጅ አላደረችም፤ ስለዚህ አሮጌዋ የቤንዚን ፒክአፕ ስለማታስፈልግ ለድንጋይ ካባው ትሰጥ።" ከተፈረመ ነገ መጥተው ይወስዷታል። ቅዳሜ ደግሞ ከገደሉ ማዶ የመጀመሪያው የሩቅ አደን ነው፤ መንገዱን ለማየት የሚሄዱት እሱና ጋሼ ብቻ ናቸው። ያቺ የታከመችው ጉልበታቸው እንዴት ሆነች? ደረጃ ሲወጡ አሁንም ብረቱን ይይዛሉ? አይ፣ ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት።

ደጅ አላደረችም የሚለው ደግሞ ውሸት እንዳይመስልዎት። እኔ ምስክር ነኝ። አንድም ቀን አላደረችም።

ስትመለስ አይተዋት ያውቃሉ? እንግዶቹ በረንዳው ላይ ይሰለፋሉ። እሷ በኮረብታው ቁልቁለት፣ ከርከሮውን ከኋላ ጭና፣ ያለ አንዳች ኮሽታ ውርድ ትላለች። እሱ ባርኔጣውን አንሥቶ "ስሙ እስቲ፣ ምን ይሰማል? ምንም" ይላቸዋል። ያጨበጭባሉ። እውነቱን እኮ ነው፣ ምንም አይሰማም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ እኛ ግቢ ዝምታ ሞተር ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ የተማርኩት ኤሌክትሪክ ነው፤ እዚህ ስቀጠር "ሴት ልጅ ከሽቦ ጋር ምን አላት" ብለው መዝገብና የፒክአፗን ቁልፍ ሰጡኝ እንጂ። በባትሪ የምትሄድ መኪና ባትሪዋ ሲሠራ ድምፅ የላትም። ባትሪዋ ሲሞትስ? ያለ ሞተር፣ በፍሪ ተለቅቃ ቁልቁለት ስትንደረደር ድምፅ አላት እንዴ?... ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ።

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሦስት ዓመት ቆየሁ፤ አሁን ግን የሚያልቀው ነገሩ ሳይሆን ሆዴ ሆነ።

መጀመሪያ የሆነው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ስልኬ ጮኸ። አንድ ሰው፣ ድምፁን አለስልሶ፣ "አንቺን ብቻ ነው የማምነው" አለኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነበር እትዬ። ወንድ የሚደውልልኝ ፋይል ሲጠፋ ብቻ ነው። ጆሮዬ ጋለ። አፍራለሁ እንጂ... ፀጉሬን አበጥሬ ነው የሄድኩት። ደርሼ ሳይ ባጊዋ ኩሬው ዳር ቀጥ ብላለች። እንግዶቹ የሉም። ጉልበቷ መድከም ሲጀምር "አዳኝ በእግሩ ሲመለስ ነው ክብሩ፣ የቆየ ልማድ ነው" ብሎ በአቋራጩ ሰዷቸዋል። ከማን አያት የቆየ እንደሆነ እንጃ። አሁንማ ሁሉም በኩራት ያወራዋል፤ ጋሼም ሲሉት ሰምቻለሁ። ልማድ ለካ እንዲህ ነው የሚወለደው፣ ባትሪ ሲያልቅ።

የቀሩት እሱና የሞተው ከርከሮ ናቸው። ከሁለቱ ከርከሮው የተረጋጋ ይመስል ነበር።

ከፒክአፗ ጋር በገመድ አሰርኳት። እስከ ኮረብታው አናት ጎተትኳትና እዚያ ፈታሁ። "አንቺ በኋላ መንገድ ዞረሽ ግቢ" አለኝ። እሱ ወረደ፤ ተጨበጨበለት። እኔ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በጓሮ በር ስገባ "የት ነበርሽ?" ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣው "ጨው ልገዛ" የሚል ነው። ለቆዳ ማድረቂያ ማለቴ ነው። ውሸት እንዳይሆንብኝ ደግሞ ከመንገድ አንድ ከረጢት ገዝቼ ነበር። ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው ተባብለን... እኔ መቁጠር አልወድም። አርባ አንዱን ጊዜ ሁሉ ቆጥሬ አይደለም። መጋዘኑን ቢከፍቱት ጨውዋ ራሷ ትነግርዎታለች፤ ጣሪያ ነክታለች። ጋሼ አንድ ቀን አይተው "ልጄ፣ ባሕር ልትሠሪልን ነው?" አሉኝ። ሳቅኩ።

መዝገቡ ላይ ግን አልዋሸሁም። "እንዴት ተመለሰች?" የሚለው ቦታ ላይ ሁልጊዜ "በሰላም" ብዬ ነው የጻፍኩት። በራሷ ብዬ አላውቅም። የተማረ ሰው ፈሪ ሲሆን እንዲህ ነው፤ ሲዋሽ እንኳ ሥርዓት ይጠብቃል።

ደግ አልሠራልኝም እንዳይሉብኝ። በሁለተኛው ዓመት የእጅ ጓንት አመጣልኝ። ከቆዳ የተሠራ፣ ውስጡ ለስላሳ። ስጦታ ተሰጥቶኝ ስለማላውቅ እቤት ወስጄ ከልብሴ መሃል አስቀመጥኩት፤ አንዳንድ ቀን አወጣና አየዋለሁ። በሚቀጥለው ጉተታ ባዶ እጄን ሲያየኝ "ጓንቱን ለምን አላደረግሽም? ገመዱ እየተንሸራተተ ጊዜ ይፈጅብናል" አለኝ። እንዲህ ነው ሰው ሲታሰብለት። የዓመቱ መዝጊያ ላይ ደግሞ ያደረገውን ንግግር ያስታውሳሉ? እርስዎም ነበሩ። ወጥ ቤቷን አመሰገነ። ውሻውን አመሰገነ። ድኩላውን ሳይቀር አመሰገነ። እኔ ከኋላ ወንበር ሳጨበጭብ መዳፌ በገመድ ተልጦ ነበር፤ ቢሆንም ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። አንድ ገመድ ብቻውን ስንት አንበሳ እንደጎተተ ግን ማን ይናገራል?

ለምን እንደምትቆምም ነግሬዋለሁ። ፊት ለፊት አፍሬ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። በብርድ ጠዋት ባትሪ የሞላ ይመስላል እንጂ አቅሙ ይቀንሳል። መግለጫዋ ላይ ሰማንያ ኪሎ ሜትር የሚለው በሜዳ፣ በደረቅ መንገድ፣ አንድ ቀጭን ሰው ይዛ ነው። የኛ አዳኞች ቀጫጭን ናቸው እንዴ እትዬ? ሦስት ሰው፣ ሦስት ጠመንጃ፣ ስንቅ፣ ሲመለሱ ደግሞ ከርከሮ። ጭቃው አለ፣ አቀበቱ አለ። ቀስ ብለህ ንዳት፣ ከመውጣትህ በፊት በደንብ ትሞላ፣ ሩቅ ስትሄድ መለዋወጫ ባትሪ ያዝ፣ ስቲከሩን አንሣው። ይኸው ነው። እንዲህ ከተያዘች ጥሩ ዕቃ ናት፤ አውሬ አታስደነግጥም፣ ጭስ የላትም። ወረቀቱን በጥሞና አነበበና አጠፈው። በማግስቱ የባጊዋ መቀመጫ እየተንቀጫቀጨ ሲያስቸግር ከሥሩ ሸጉጦት አገኘሁት። ምክር የሚሰማ ሰው ብዙ ነው፤ ምክር ላይ የሚቀመጥ ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

ይህንንም ዋጥኩት። ከዚያ ባለፈው ሰኞ ሪፖርቱን ስጽፍ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። "ፒክአፗ በሦስት ዓመት አርባ አንድ ጊዜ ወጥታለች፤ አርባ አንዱንም የወጣችው ጨው ለመግዛት ነው። ሾፌሯም ከዚህ ሌላ ሥራ እንደሌላት መዝገቡ ያሳያል።"

ሾፌሯ እኔ ነኝ እትዬ።

እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው ብዬ አደነቅኩ። የራሱን ገመና የሸፈንኩበትን ጨው አንሥቶ እኔን አጠበበት። አንድ ነጠላ ሰረዝ ጎድሎት ነበር፤ አስተካከልኩለትና አተምኩት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። ለተናገረው ሰው ይቀልለት ይሆናል፤ ለጎተተው ግን...

እኔ ስለ ራሴ አይደለም። ከዚህ ብወጣ ሽቦ የሚያሠራኝ አላጣም። የጨነቀኝ ቅዳሜ ነው። ከገደሉ ማዶ አቋራጭ መንገድ የለም። ስልክ አይሠራም። ሲሄዱ ቁልቁለት ነው፤ በቁልቁለትማ ማን ይችለዋል? ሲመለሱ ግን ሃያ ኪሎ ሜትር አቀበት ነው፣ የሚጎትት የለ፣ የሚያጨበጭብ የለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። እንቁላሉስ ይሂድ፤ የጋሼ ጉልበት ነው የሚያሳስበኝ።

ውሃው ቆመ... ታጥባ አልቃ ይሆናል። ምን ቸገረን፣ የማንንም ስም አላነሣንም።

ይህን ደብተር ይያዙልኝ። የኔ ነው። የቆመችበት ቀን፣ የቆመችበት ቦታ፣ ከየት እስከ የት እንደጎተትኳት። አርባ አንድ መስመር። መቁጠር አልወድም ያልኩዎት... ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የሦስት ዓመት ልማድ ሆኖብኝ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን ሲያደርጉ መጀመሪያ ይህን ያንብቡ፤ ከዚያ የፈቀዱት ላይ ይፈርሙ። እኔንም ቢያሰናብቱኝ አይከፋኝም፤ ገመዱን ያሰርኩት በገዛ እጄ ነው። ይህ ደግሞ የፒክአፗ ቁልፍ ነው። ካልፈረሙ እሳቸው ጋ ይሁን። እኔ ቅዳሜ እህቴ ቤት ነኝ፤ ፈቃድ ወስጃለሁ። ስልኬም ዝግ ነው።

ጋሼንስ ቅዳሜ ጠዋት ትንሽ ቢያማቸው ምን ይመስልዎታል? ባል ሚስቱ "አሞሃል" ስትለው የሚታመመው ለእንደዚህ ያለ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው? እሱ ብቻውን ይሂድ። እንዲህ የሚተማመን ሰው መንገድ አይከለከልም። እሑድ ረፋድ ላይ ካልተመለሰ ጋሼ በፒክአፗ ሰው ይላኩለት። እሑድ ረፋድ ላይ ነው ያልኩት... እባክዎን ቀደም እንዳይሉ፤ ይቀየማል።

አዳራሹ ተከፈተ፤ የወንበር ድምፅ እሰማለሁ። ይሂዱ፣ ወረቀቱን ሳያቀርቡላቸው ይድረሱ። መስኮቱን ይተዉት፣ እኔ እዘጋዋለሁ። ጥላም ያረፈበት መሰለኝ፤ ቆሞ የሚሰማ ካለ ደግሞ ይስማ፣ መንገደኛ ሳይመረቅ አይሄድም። ከልቤ ነው የምመርቀው፤ ሦስት ዓመት ልቤ ውስጥ ከእሱ ሌላ ማን ነበረና። ፈጣሪ ጤናውን ይስጠው። ዝናቡን ይያዝለት። ወገቡን ያበርታለት፣ ጉልበቱን ያጽናለት፣ ጫማው ይመቸው... እግሩን እንቅፋት አይምታው።