ዶሮ የታቀፈችበት መቀመጫ

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ለተቀመጠች ወጣት ያወራሉ።

«ጦርነቱ የደረሰ ጊዜ አሮጌ ሞተር ሳይክሌን ፈታትቼ ለጎረቤት አከፋፈልኩት።»

«እንዳይዘርፉብዎት?»

«አዎ። ሲረጋጋ ሁሉም የደበቀውን አመጣልኝ። ገጣጠምኩና ከቤቴ በር በተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። መቀመጫው ብቻ ቀረ።»

«ጠፋ?»

«ኧረ ጎረቤቴ ፋጡማ ቤት ነበር! ዶሮዋ እንቁላል ታቅፋበት፣ ‹ወላሂ ሳትፈለፍል አላስነሳትም› አለችኝ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ጭድ በሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነዳሁ!»

«ጫጩቶቹስ?»

«አንዷን ሰጠችኝ፤ አድጋለች። ሞተሩን ሳስነሳ ሌላው ዶሮ ሁሉ ይበረግጋል፤ የኔዋ ግን ከኋላዬ እየሮጠች ትከተለኛለች።»

ሲሪንቃ ላይ አንድ ሞተር ሲያልፈን፣ ከኋላው የምትሮጥ ዶሮ በመስኮት ፈለግኩ።