ጠባቡ የጎማ ልብስ

ለሴት ልጅ ልብስ ሲገዛ የሚለካው ዛሬ ባላት ገላ ሳይሆን ነገ ይኖራታል በሚባለው ገላ የሆነው ለምንድን ነው? ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። በደርግ ጊዜ ነው፤ ደብረ ዘይት ሐይቅ ላይ፣ ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ በነፋስ መንሸራተት ጀምሬ ነበር። የጠዋቱ ውሃ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ታዲያ ቦሌ ውስጥ፣ አገር ለቀው የሚሄዱ ፈረንጆች ግቢያቸው ውስጥ ዕቃ ሲሸጡ፣ ውሃ ውስጥ የሚያሞቁ ሁለት የጎማ ልብሶች አገኘሁ፤ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ፣ ዋጋቸው እኩል።

ጠባቡን ሳነሳ አብረውኝ የመጡት አክስቴ ከእጄ ነጠቁኝ። «ሰፊውን ያዢ! ነገ አግብተሽ ትወልጂ የለም እንዴ? ደግሞ ይሄ ገላሽ ላይ ይጣበቃል፤ ነውር ነው!»

«አክስቴ፣ ካልተጣበቀ እኮ ውሃ ያስገባል፤ አያሞቅም።»

«ከሥሩ ሹራብ ትለብሻለሽ።»

ዕቃውን የሚሸጥላቸው የግቢው ዘበኛ ጣልቃ ገባ። «እውነታቸውን ነው፣ እህቴ። ሰፊው በአንድ ዋጋ ሁለት ሰው ይይዛል!»

ገዢው ሁሉ ሳቀ። ሰው ፊት ቀና ብዬ የማላወራው እኔ በጣም ተናደድኩ። የሚበርደኝ እኔ፣ ልብሱ የሚለካው ግን ላልወለድኩት ልጅ! ጠባቡን ከአክስቴ እጅ መልሼ ወሰድኩ፤ ቤቱ ውስጥ ጓዳ ገብቼ ለበስኩት፤ እንደለበስኩትም ሁሉም ፊት ወጥቼ «የምገዛው ይሄን ነው» አልኩ።