ስንት ጨረር ይበቃል?

የማንንም አፍ ሳያስከፍቱ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ የተገኘ እውነት፣ እውነት ይባላል? ባሕር ማዶ አራት ዓመት የተማርኩት ይህንኑ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ በፈጠርኩት መንጋጋ ላይ ጨረር እየላኩ፣ የጥርስ ራጅ ምን ያህል እንደሚጠራና ሰውነት ምን ያህል ጨረር እንደሚቀበል አሰላለሁ።

የዘጠኝ ዓመቷን የወንድሜን ልጅ ጥርሷን አሟት ክሊኒክ ብወስዳት፣ ራጅ አንሺው የድሮ ጎረቤታችን ሆነው አገኘኋቸው። በፊልሙ ዘመን ምስላቸው ያምር ስለነበር «ሰዓሊው» ይሏቸዋል። ሰላምታችንን ሳንጨርስ የጨረሩን ማዞሪያ ስምንት ላይ ሲያደርሱት አየሁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ለሕፃን አልበዛም?»

«በፊልሙ ዘመን ስምንት ነበር፣ ዲጂታሉ ከመጣም ስምንት ነው። ማን ላከሽ? የክሊኒኩ ባለቤት ነው?»

«ማንም አልላከኝም። በፊልም ፈንታ ምስሉን የሚይዘው አዲሱ መቀበያ ሲሶ ገደማ ይበቃዋል። በኮምፒውተር አስልቼዋለሁ።»

«የኮምፒውተር ጥርስ ያማል እንዴ?» ልጅቷ እንኳ ጉንጯን እንደያዘች ሳቀች። «ስሚ የኔ ልጅ፣ ምስሉ ከደበዘዘ ዶክተሯ ‹ይደገም› ትላለች። ያኔ ሁለቴ ጨረር ነው። ሂሳብሽ ይሄንን ያውቃል?»

«ያውቃል» አልኩ። ከተሳሳትኩ ልጅቷ ሁለቴ ልትነሳ ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ ከሚበቃት ሦስት እጥፍ ገደማ ልትቀበል ነው።

«እንግዲያው በእሷ አንሞክር። የተነቀለ ጥርስ አለዎት?»

ከመሳቢያቸው አንድ ብልቃጥ ሙሉ አወጡ። አንዱን የተቦረቦረ ጥርስ ሰም ላይ ተከልነው፤ በጉንጭ ፈንታ ውሃ የሞላ ኩባያ ከፊቱ አስቀመጥን። እሳቸው ወጥተው እኔ በስምንት፣ በአምስት፣ በሦስትና በአንድ አነሳሁት። ቁጥሮቹን ሸፍኜ ጠራኋቸው።

«ይሄ ጭጋግ ነው» አሉ አንዱን ገፋ አድርገው። ወዲያው ጣታቸው ሌላው ላይ አረፈ። «የኔ የእጅ ሥራ ይሄ ነው! ቡርቡሩን እዪው፣ እስከ ሥሩ!»

ሽፋኑን አነሳሁ። ሦስት ነበር።

«ቀያይረሽዋል።»

«እንግዲያው እርስዎ ያንሱ፣ ዶክተሯ ትሸፍን።»

አነሱ፤ ዶክተሯም ተጠርታ ቁጥሮቹን ሸፈነች። አሁንም ሦስትን መረጡ። በስምንቱማ የጥርሱ ጠርዝ በጥቁር ተውጦ ጠፍቷል። ሰዓሊው ማዞሪያውን ሦስት ላይ አድርገው ልጅቷን ራጅ አነሷት። «ይደገም» ያለ አልነበረም።

ጥቅሙ እንግዲህ ግልጽ ነው። ታካሚ ሲሶ ገደማ ብቻ ይቀበላል፣ ሐኪም የምትፈልገውን ታያለች፣ ራጅ አንሺም በልማድ መሥራቱን ትቶ ፈትኖ ይሠራል። ኮምፒውተሩ የት እንደምንፈልግ ጠቆመን፤ ያሳመነን ግን የተነቀለው ጥርስ ነው።

ሰዓሊው ግን ፊታቸው አልፈታም። ማዞሪያው ሦስት ላይ ፕላስተር ለጠፉና ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ።

«ዲጂታሉ ከመጣ ስድስት ዓመት ሙሉ… ስንት ሕፃን!» ስልካቸውን ሰጡኝ። «ዓይኔ አያነብልኝም፣ አንቺ ጻፊልኝ። መቀበያውን ለተከለው ሰውዬ።»

እንዲህ አስጻፉኝ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ይህንን የተከልክልን ዕለት፣ ጨረሩን ዝቅ ማድረግ እንዳለብን ታውቅ ነበር?»

ላክሁት። ማንበቡንም ስልኩ አሳየን። በወሩ መልስ መጣ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ስልኩን ከፍተው ሰጡኝ፤ ከጥያቄው ሥር ባዶ ነበር።