የቁንዝላ ዓሣና የጋሽ አለበል ጎተራ

ሰው በአንድ ቢሮ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያልተነጋገረውን ጀልባ ላይ ይነጋገራል፤ ጀልባ ላይ «ስብሰባ አለብኝ» ብሎ የሚነሣ የለማ! አቶ አለበልም ያን ቅዳሜ ከቁንዝላ ወደ ባሕር ዳር ሲመለሱ፣ አጠገባቸው የቀረችው ቦታ ለዜማ ደረሰች። ዜማ በአትክልትና ዓሣ አቅራቢዎች ዩኒየን በእሳቸው ሥር ከተቀጠረች ስምንት ወሯ ነው። እሳቸው ደግሞ የዩኒየኑን ጎተራ ዐሥራ ሁለት ዓመት የጠበቁ ሰው ናቸው። ጎተራ የሚሉት የእህሉን እንዳይመስላችሁ፤ ከቆጋ ድንች እስከ ቁንዝላ ዓሣ ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንዳስረከበ የተከማቸበትን የመረጃ ቋት ነው።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ? እርስዎም ቁንዝላ ነበሩ?»

«ወንድሜን ልጠይቅ ብዬ ነበር። ምነው እግሬን በሰበረው!»

ታናሽ ወንድማቸው ገድሉ ዓሣ አስጋሪ ነው። አቶ አለበል ማለዳ ወደቡ ላይ ሲደርሱ፣ ገድሉ ሁለት ቅርጫት ቆሮሶ ዓሣ ለፔሊካኖች ሲበትን አገኙት። የዩኒየኑ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና በዋዜማው አልመጣም፤ ዓሣው ፀሐይ ላይ ውሎ ሸትቷል። ገድሉ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻላቸው ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ እስከ መጪው ቅዳሜ እታገሣለሁ። ከዚያ ወዲያ እኛ ቁንዝላዎች ከዩኒየኑ እንወጣለን» አላቸው። አቶ አለበል በገዛ አገራቸው ሰው ፊት እንዲህ አፍረው አያውቁም።

ይህን ሲነግሯት ዜማ «ጋሼ፣ ቅር አይበልዎትና ጥፋቱ የእኛ ነው» አለች።

«የእኛ? የሾፌሩ ነው እንጂ!»

«ሾፌሩ የታዘዘበት ነው የሄደው። መኪኖቹ የሚወጡት ማለዳ አንድ ሰዓት ነው፤ የእኛ ሪፖርት የሚደርሰው ቀን ስድስት ሰዓት። ስለዚህ ስምሪት ክፍል ሁልጊዜ የትናንቱን ሪፖርት አይቶ ነው የሚልካቸው። የትናንቱ ደግሞ ‹ቁንዝላ ዓሣ የለም፣ ቆጋ ድንች ሞልቷል› ይላል።»

«ስድስት ሰዓት የሚፈጀው አውቄ ነው!» አሉ አቶ አለበል ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «ኮምፒውተሩን በየማለዳው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ቁጠር ብዬ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ከሥሩ ያልተቆጠረ ድምር እምነት አይጣልበትም። ፈጣን ሰርቨር ይገዛልን ብዬም ጽፌያለሁ።»

«አዲሱም ሰርቨር ያንኑ የማያስፈልግ ሥራ ነው የሚሠራው፣ ትንሽ ፈጠን ብሎ። ደግሞስ በየዓመቱ መዝገቡ ይጨምራል፤ መቼ ይደርስበታል?»

አቶ አለበል ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩ። ዜማ ግን በቀላሉ የምትለቅ ልጅ አይደለችም።

«ነገ ቤተ ክርስቲያን ስንክሳር የሚያነቡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«ከመስከረም አንድ ነው የሚጀምሩት?»

ሳቃቸው ጀልባውን ሞላው። «አበስኩ ገበርኩ! ሕዝቡን አቁሜ ላሳድረው ነው? የዕለቱን ገልጬ ነዋ!»

«ያን ሁሉ ብራና እያገላበጡ ዕለቱን በምን ያገኙታል?»

«ጠርዙ ላይ ለየወሩ ክር ተሰፍቶበታል። ክሩን ይዤ...» ጣታቸው አየር ላይ የሌለውን ክር እንደያዘ ቀረ።

«መስከረምን ነገ ስላላነበቡት ከመጽሐፉ ይጠፋል?»

«የት ይሄዳል!»

«የእኛም እንዲሁ ነው። ምንም አንጥልም። መዝገቡን በወር በወር እንከፋፍለዋለን፤ በወደብና በምርት ዓይነት ማውጫ እንሠራለታለን፣ እሱ ክራችን ነው። ያለፉትን ወራት አንድ ጊዜ ደምረን እናስቀምጣለን። ማለዳ የሚቆጠረው የትናንቱ ብቻ ይሆናል።»

«ተይ፣ ተይ! እዚህ ላይ ተሳሳትሽ» አሉ አቶ አለበል፣ ዓይናቸው ድንገት ብሩህ ሆኖ። «ቁንዝላ ኔትወርክ ሲጠፋ የሰኞው ርክክብ ሐሙስ ነው የሚገባ። የትናንቱን ብቻ ካልሽማ የወንድሜን ዓሣ ውኃ በላው!»

ዜማ በእጇ አፏን ያዘች። «እውነትዎን ነው፤ ይህንን ጨርሶ አላሰብኩትም። እንግዲያው የመጨረሻዎቹ ዐሥር ቀናት በየማለዳው እንደገና ይቆጠሩ።»

«እሑድ እሑድ ደግሞ፣ መኪና በማይወጣበት ቀን፣ ሁሉም ከሥሩ ይቆጠርልኝ። ሁለቱ ድምር ካልገጠመ አልቀበልም።»

«ተስማማን ጋሼ!»

ሰኞ ዜማ ዋናውን መዝገብ ሳትነካ በግልባጩ ላይ ሥራዋን ጀመረች። አቶ አለበል የዐሥራ ሁለቱን ዓመት የአሮጌና የአዲስ ድምር ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ሁለት ቀን ሙሉ በእርሳስ ምልክት ሲያደርጉ ከረሙ። አንዲት ኪሎ ድንች እንኳ አልጎደለችም፤ እንድትጎድል ትንሽ የፈለጉ ይመስለኛል።

ሐሙስ ማለዳ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አዲሱ ሥራ ጀመረ። አቶ አለበል እንደ ልማዳቸው እስከ እኩለ ቀን የሚያነቡትን ወፍራም መጽሐፍ ይዘው ተቀምጠዋል። አምስት ገጽ እንኳ ሳያነቡ ዜማ «አለቀ» አለች። ዘጠኝ ደቂቃ!

«ሳይሠራ ነው ያለቀ!» ብለው ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ሦስቴም ያው ሆነ። አቶ አለበል ከመሳቢያቸው የአዲስ ሰርቨር ጥያቄያቸውን ግልባጭ አወጡ፣ ለሁለት ቀደዱትና «እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሰው ሳስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ አንቺ ባትኖሪ ጡረታ እስክወጣ አስጠብቅ ነበር» አሏት። ሽማግሌ እንዲህ ብሎ ሲያምን ደስ ይላል። ዜማም ብቻዋን ብትሆን የቁንዝላን ዘግይቶ የሚገባ መዝገብ ገደል ትከተው ነበር፤ ይህንንም ራሷ ለሥራ አስኪያጁ ተናገረች።

ከዚያ ወዲህ ስምሪት ክፍል የዛሬውን ሪፖርት ዛሬ ማለዳ ያያል። የቆጋ ድንች በማሳ አይበሰብስም፣ መኪና ባዶውን ሄዶ ባዶውን አይመለስም፣ ማንኛውም የወደብ ኃላፊ የራሱን ወደብ ድምር ሲጠይቅ መልሱን ሳይቀመጥ እዚያው ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ አንድም አዲስ ዕቃ አልተገዛም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የአቶ አለበል ስልክ ጮኸ። ገድሉ ነው። የቀጠረው ቅዳሜ ዛሬ ነው።

«ወንድም ጋሼ! መኪናው እኮ ቀድሞኝ ደርሶ ወደቡ ላይ ቁሞ ጠበቀኝ! ዓሣው ገና እየተንፈራገጠ ነው የተጫነ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን! አሁንስ፣ ትወጣላችሁ?»

«ወዴት ነው የምንወጣ? ይልቅ እነዚህን ፔሊካኖች አንድ ነገር በልልኝ፤ ከማለዳ ጀምሮ ጀልባዬን ከበው ቁጭ ብለዋል፣ ጾማቸውን ሊውሉ ነው።»